እንግሊዝኛችንን እናሻሽል፤ ጊዜ እንዴት ያልፋል?

በአማርኛችን ግሥ ብቻውን መንገዱን ይናገራል። «ወጣ»፥ «ገባ»፥ «አለፈ» ስንል ሌላ አጋዥ ቃል አያሻንም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው የላይ ጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ «ወጣ» ከሚለው ግሥ ነው። እንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚያሳየው ግሡን በምትከተል ትንሽ ቃል ነው። «ጎ አውት» ሲል መውጣትን የምትነግረን «አውት» ናት። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዲህ ያሉትን ቃላት «ሳተላይት» ብሏቸዋል።

ስለ ጊዜ ስንናገር የእነዚህ ቃላት ሥራ ጎልቶ ይታያል። «ጎ ባይ» ጊዜው እንዲያው አለፈ ማለት ነው፤ «ፍላይ ባይ» ነጎደ፤ «ስሊፕ ባይ» ሳይታወቀን አመለጠ፤ «ዌር ኦን» ቀኑ ወይም ሌሊቱ ቀስ እያለ ገፋ፤ «ድራግ ኦን» አላልቅ ብሎ ተንዛዛ፤ «ረን አውት» ተሟጦ አለቀ። እንግዲህ «ባይ» አጠገብ አልፎ መሄድን፥ «ኦን» መቀጠልን፥ «አውት» ማለቅን ታመለክታለች።

ስሕተት የሚመጣው አማርኛውን ቃል በቃል ስንገለብጥ ነው። «ክረምት ገባ» ለማለት «ጎ ኢን» አይባልም፤ ትክክለኛው «ሰት ኢን» ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን «ብሪንግ ፎርዋርድ» ነው። አንድ ሥራ ፈላጊ ለሐሙስ የተቀጠረው ፈተና በሁለት ቀን «ብሮት ፎርዋርድ» ሆኗል የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። «ፎርዋርድ» ወደ ፊት ማለት ስለሆነ፥ በአማርኛም «ወደ ፊት» ገና የሚመጣውን ጊዜ ስለሚያመለክት፥ ቀጠሮው ወደ ቅዳሜ የተላለፈ ይመስለዋል። ፈተናው ግን ማክሰኞ ተሰጥቶ አልቋል! «ብሪንግ ፎርዋርድ» ቀጠሮን ማስቀደም ነውና። ማዘግየት «ፑት ኦፍ» ወይም «ፑሽ ባክ» ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ወደ አማርኛ የምትመልሱ የቢሮ ሠራተኞች «ቀደም ብሏል» ወይም «ዘግይቷል» ብላችሁ ቀኑን ራሱን ጻፉ።

ተማሪዎችም ግሡንና ተከታዩን ቃል ሳትለያዩ፥ ከነዓረፍተ ነገሩ በደብተራችሁ አስፍራችሁ አጥኑ።

መልመጃ፤ «የፈተናው ሰዓት አለቀ»፥ «ሌሊቱ ገፋ»፥ «የዕረፍቱ ወራት ሳይታወቀን አለፉ» የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሱን በሚመጣው ሳምንት እናያለን።