ከኦቶና ደጃፍ እስከ ዳሞታ ጫፍ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ «በበዓሉ ወጣ እንበል» ከተባለ አቅጣጫው የታወቀ ነው፤ ወይ አርባ ምንጭ ወይ ሐዋሳ። መኪና ይፈለጋል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ አንዱ ይቀርና ዕቅዱ ይፈርሳል። የዳሞታ ተራራ ግን በስተሰሜን ከራስጌያችን አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ማልዶ ከኦቶና ሰፈር የተነሣ ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው በእግሩ ይደርስበታል። ሶዶ ተወልደው፣ ሶዶ አድገው፣ እዚሁ ወልደው፣ አንድም ቀን ረግጠውት የማያውቁ ጓደኞች አሉኝ።

ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ያለ ጉዳይ መሄድ አልተለመደም። አንድ ጎልማሳ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ እጁን ወደ ዳገቱ ሲያቀና ያየ ጎረቤት «ምነው፣ በሰላም ነው?» ማለቱ አይቀርም። ለቅሶ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን፣ የታመመ ጥየቃ ቢሆን ይገባዋል። «እንዲሁ ልሂድ ብዬ ነው» የሚል መልስ ግን ያሳስበዋል። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተው ከተማ የገቡ ሰዎች ልጆች ነን። ወላጆቻችን ዳገትን የሚያውቁት እንጨት ተሸክመው፣ ከብት ነድተው፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሲሮጡ ነው። ከዚያ ድካም ያወጡት ልጅ ያንኑ ዳገት ለደስታ ብሎ ሲመኘው ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። እኔ ግን መመኘት አለብን ባይ ነኝ፤ ለልጆቻችን ስል ደግሞ አጥብቄ እላለሁ።

አላስቴር ሀምፍሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አራት ዓመት ሙሉ ዓለምን በብስክሌት ዞሯል። ከዚያ በኋላ ለንደንን የሚከበውን አውራ ጎዳና ተከትሎ በብርዱ ወቅት ከተማዋን በእግሩ ዞረና፣ ጀብዱ ከቤት አጠገብም አለ ብሎ ማስተማር ጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው። ሠራተኛ ከቢሮ ከወጣበት ሰዓት እስከ ማግስቱ ሥራ መግቢያ ድረስ ያለው ጊዜ የራሱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት። ሀምፍሪስ በዚህ መሃል ኮረብታ ላይ አድሮ መመለስን ይመክራል። ዳሞታ ላይ ማደሩ ይቅርብን፤ ስሌቱ ግን ለእኛም ይሠራል። ጎሕ ሲቀድ የተነሣ ሰው ሥራ ሳይገባ የተራራውን ግርጌ ረግጦ ይመጣል።

ከሀምፍሪስ የምለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ የፈረንጅ ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ሰው ስለሌለበት ተፈጥሮና ስለ ጸጥታ ነው። ወላይታ ውስጥ ሰው የሌለበትን ቦታ ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ባዶውን ይመለሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ከ350 ሰው በላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ተወልዷል! ወደ ዳሞታ የሚወጣ የእግር መንገድ ሁሉ በሰው ደጅ ያልፋል። የእኛ አገር ጀብዱ፣ ስም ከተሰጠው አይቀር፣ እንግድነት ነው።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። የመጨረሻዎቹን የቆርቆሮ ቤቶች ካለፉ በኋላ እግር ቀይ አፈር ይረግጣል፤ ግራና ቀኙ የእንሰት ቅጠል ነው። ገበሬው ከቤቱ ዙሪያ ያለውን ማሳ ዳርኮዋ ይለዋል። ፍግና አመድ የሚጠጣው እሱ ስለሆነ አፈሩ ይጠቁራል፤ እንሰቱና ቡናው እዚያ ነው። ራቅ ያለው ማሳ ሾቃ ይባላል፤ ፍጉ ስለማይደርሰው አፈሩ እንደ ቀላ ይቀራል። ይህን ልዩነት አንዴ ዓይኑ የለመደ ሰው ዳገቱን ሲወጣ የእያንዳንዱን ቤት ኑሮ ከአፈሩ ቀለም ያነበዋል፤ የትኛው ቤት ከብት እንዳለው፣ የትኛው እንዳጣ። ከጓሮ የእንሰት ፍቂያ ድምፅ ይሰማል፣ ቀርከሃው ልጡን ሲፍቅ እርጥብና ወጥ ድምፅ አለው፤ የሚፍቁትን ሴቶች ግን ከቅጠሉ ብዛት አታዩአቸውም። ከፍ ባሉ ቁጥር ቡናው ይቀርና ድንች፣ ባቄላና ገብስ ይተካል፤ ንፋሱም ይቀዘቅዛል። ጋጋኖ ድንገት ከሣሩ ተነሥታ እየጮኸች ትበራለች፤ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ልጅ መደንገጡ አይቀርም።

በየደጁ ሰላምታ አለ። «ሳሮ» ያለ ሰው መንገድ አይጠፋበትም። ባለፈው በጋ አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ጠሩኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ፤ የአባቴን አባት ስም ስነግራቸው ቁጭ በል አሉኝ። የተቀቀለ ስኳር ድንች መጣ። «አባባ፣ ዝም ብዬ ተራራውን ላይ ብዬ ነው የመጣሁት» ስላቸው አልሳቁም። በትራቸውን ወደ ላይ ቀስረው ዛፍ የያዘውን ጥግ አሳዩኝ። «ያ ራቁቱን ነበር። ከብት አናስገባም አልን፤ ከብታችንንም አሠርን። ዛፉ መጣ።» ከዚህ በላይ አላብራሩም። እኔም ተራራው ሲጠበቅ ምን እንደሚከፈል የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ላሙን ያሠረ ሰው ሣር አጭዶ በጀርባው ተሸክሞ ያበላታል።

በዳሞታ ትከሻ የሆነው ነገር በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ባለው ሁምቦ በሰፊው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከነዋሪዎቹ ጋር በጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ከግጦሽና ከመጥረቢያ ተከለለ። ችግኝ መትከሉ ብቻውን አልነበረም ሥራው። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ከመሬት በታች በሕይወት ነበር፤ ከየጉቶው ከሚወጣው ቀንበጥ ጠንካራው እየተመረጠ፣ ሌላው እየተገረዘ፣ ደኑ ራሱን መለሰ። ሰባት የገበሬዎች ማኅበራት የመጠቀም መብት አገኙበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድም ከደኑ 165,000 ቶን ካርበን ለመግዛት ተስማማ። ባለሙያዎች ከሩቅ አገር መጥተው አይተውታል። እኛ ግን ለአርባ ምንጭ አዞ ስንቻኮል በመኪና መስኮት እናልፈዋለን። አንድ ጊዜ «ወራጅ አለ» ብሎ መውረድ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው ደግሞ ሞቼና ቦራጎ ነው። ዳሞታ የተኛ እሳተ ገሞራ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ትከሻው ላይ አፉ እጅግ የሰፋ የዋሻ ጥላ አለ። ፈረንሳዮች በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቆፈሩት፤ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት ከቡድኑ ጋር ቀጠለበት። ከወለሉ በታች የተገኘው የሰው አሻራ ከ40,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አብዛኛው ከጥቁር ባልጩት የተፈለጠ መሣሪያ ነው። ተመራማሪዎቹን እዚህ ያመጣቸው ጥያቄ ደስ ይለኛል። በዓለም ላይ ብርድና ድርቅ በበረታበት ዘመን ቆላው ሲደርቅ፣ ዝናብ ያልተለየው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ለሰው መጠጊያ ሆኖ ይሆን ወይ የሚል ነው። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ሰው ኑሮ ሲጠብበት ወደ ዳሞታ መውጣቱ ያኔም ነበር ማለት ነው። በኋላም መነኮሳት መጥተዋል፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም በዚሁ ተራራ ላይ ነው፤ ለክብረ በዓሉ ምእመናን ዳገቱን ይያያዙታል። ወደ ዋሻው የምትሄዱ ግን አደራ፣ መሬት ላይ ያያችሁትን የባልጩት ስባሪ ኪሳችሁ አትክተቱ። ስባሪው የሚናገረው የተቀመጠበት ቦታ ሳይነካ ሲገኝ ነው።

የኦቶናን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ለወላይታ ሰው ኦቶና ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ተወልደናል፣ እዚያ አስታመናል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። በአንድ የፔንስልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕመምተኞችን መዝገብ አነጻጸረ፤ ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም በጥቂቱ ነው። አስታማሚ ይህን ለማወቅ መጽሔት አላስፈለገውም። ሌሊቱን ወንበር ላይ ያሳለፈ ሰው ሲነጋ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ ነጠላውን ይከናነባል፣ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። እናቴን ባስታመምኩ ጊዜ እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን ከሌሊት ተራ ሲወጡ ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ወደ ላይ ቢራመዱ ብዬ እመኛለሁ፤ ከሁላችን ይልቅ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። በክረምት ዳገቱን ለቀቅ ማድረግ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ለእርዳታ የሮጡት ሳይቀሩ። በዚያው ክረምት የእኛው ኪንዶ ዲዳዬም በናዳ ሰው ቀብሯል። ዝናብ የጠጣ ቁልቁለት ስር መንሸራሸር ድፍረት አይባልም። ከመስቀልና ከጊፋታ በኋላ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ከዚያ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ጊዜው ሰፊ ነው። ማለዳ መነሣት፣ ውኃና ቆሎ መያዝ፣ የውኃውን ፕላስቲክ ይዞ መመለስ፣ የሰፈሩን ልጅ አስጎብኝ አድርጎ የልፋቱን መክፈል። ልጆቻችሁን ውሰዱ። መጀመሪያ ይነጫነጫሉ፤ ከላይ ሆነው የአባያን ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ሲያዩ ግን ጥያቄው ማለቂያ የለውም።

ለከተማው አስተዳደር ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግንባታው ወደ ተራራው እየወጣ ነው። ትናንት በጓሮ የምናልፍበት መንገድ ዛሬ ቆርቆሮ አጥር ይገጥመዋል፤ ነገ በር ይገጠምለታል። አጥሩን ያቆመውን ሰው አልወቅስም፤ መንገዱ በወረቀት ላይ የለምና ማንንም አልነካም። ስለዚህ ከኦቶናና ከሌሎቹ ሰፈሮች ወደ ዳሞታ የሚወጡት የእግር መንገዶች ለቀሪው መሬት ካርታ ከመሰጠቱ በፊት በከተማው ፕላን ላይ በመንገድነት ይመዝገቡ። አስፋልትም ኮብልም አይፈልጉም። ስፋታቸው እንጨት የተሸከሙ ሁለት እናቶች ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ይሁን፤ ከማናችንም በፊት መንገዱን ያቀኑት እነሱ ናቸውና።