ልብ ሰቀላ ከዝርዝር በላይ ነው

ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የዘውጉን ልማዶች በመዘርዘር ይጀምራሉ፤ በዚያው ዝርዝርም ይደመድማሉ። ያለ ጥፋቱ የሚታደን ሰው፣ የሚያልቅ ጊዜ፣ ጨለማ ደረጃ፣ ማሳደድ፣ በፍጻሜው የሚገለጥ ምስጢር እየተቆጠሩ በሠንጠረዥ ይሰፍራሉ። ዝርዝሩ ስሕተት ባይሆንም ዘውጉን አያብራራም፤ ማሳደድ በካውቦይ ፊልምም በአስቂኝ ፊልምም ይገኛልና።

የዘውጉ ዋና መለያ መፈለግ ያለበት በዕውቀት ክፍፍል ውስጥ ነው። ተመልካቹ ምን ያውቃል? ገፀ ባሕርዩስ? አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ነገሩን በቀላል ምሳሌ አስረድቶታል። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦንብ ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ትርፉ የ15 ሰኮንድ ድንጋጤ ነው፤ ቦንቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚካሄደው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል።

የዚሁ ዳይሬክተር «ሪር ዊንዶው» (1954) ለዚህ ማስረጃ ነው። እግሩ የተሰበረው ፎቶ አንሺ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይነሣ፣ ሊዛ የተጠርጣሪውን ቤት ስትበረብር ባለቤቱ ሲመለስ ያያል። ሊያስጠነቅቃት ግን አይችልም። ትዕይንቱ ማሳደድም ሆነ ፍንዳታ የለበትም፤ ልብ የሚሰቅለው እሱና ተመልካቹ የሚያውቁትን እሷ አለማወቋ ነው።

«ሳይኮ» (1960) ይህን አስተያየት የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። ፊልሙ ዋና ገፀ ባሕርይ የመሰለችውን ማሪየን ክሬንን ከአጋማሹ በፊት ይገድላታል፤ የገዳዩንም ማንነት እስከ መጨረሻው ይሰውራል። ይሁን እንጂ መርማሪው አርቦጋስት ደረጃውን ሲወጣ በቤቱ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ እንዳለ ተመልካቹ ያውቃል፤ እሱ አያውቅም። ተመልካቹ ስለ ገዳዩ ማንነት ቢሳሳትም ስለ አደጋው አልተሳሳተም። እንግዲህ ስወራው ራሱ የቆመው አስቀድሞ በተሰጠ ዕውቀት ላይ ነው።

በቆጠራ ብቻ የሚሠራ ጥናት «ሳይኮ»ን ልማድ የጣሰ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ዘውጉ ከቶ ያልተወውን አሠራር ግን አያይም። ስለዚህ የዘውጉ አጥኚ «በፊልሙ ውስጥ ምን አለ?» ከማለቱ በፊት፣ በየትዕይንቱ ማን ምን እንደሚያውቅና መቼ እንዳወቀ ቢመዘግብ ይበጀዋል። ሠንጠረዡ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።