ኤችቲቲፒን ከደጃፍ እናስቀረው

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ኮድ የምትጽፉ የሙያ አጋሮቼ! የምጠራችሁ አዲስ ፍሬምወርክ እንድትማሩ አይደለም። የያዛችሁትን ፕሮጀክት ክፈቱና ብድር የሚፈቅደውን፣ ክፍያ የሚያጸድቀውን፣ ቅጣት የሚያሰላውን ፋይል ፈልጉ። እዚያ ውስጥ ሪክዌስት የሚቀበል፣ ኩኪ የሚያነብ፣ 404 ብሎ የሚመልስ መስመር ካገኛችሁ ጥሪው ለእናንተ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ይህ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

እንበልና ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ሠራን። ደንቡ አጭር ነው፤ አባል ስድስት ወር ሳይቆጥብ አይበደርም፣ ከቁጠባው አራት እጥፍ በላይም አይፈቀድለትም። ይህን ኮንትሮለሩ ውስጥ ጻፍነው፤ አባሉን ከሴሽን፣ የብድሩን መጠን ከፎርሙ እያነበብን፣ አይሆንም ስንል 403 እየመለስን። ድረ ገጹ ሠራ፣ ማኅበሩም ተደሰተ። ከዚያ ሊቀመንበሩ መጥተው «ብዙ አባሎቻችን ስማርት ስልክ የላቸውም፣ በዩኤስኤስዲ ይሁንልን» አሉ። ደንቡን ከሪክዌስቱ መነጠል ስላስቸገረን ቀዳነው። የቴሌግራም ቦት ሲመጣ ሦስተኛ ቅጂ ተወለደ። ጠቅላላ ጉባኤው አራት እጥፉን ወደ ሦስት ዝቅ ሲያደርግ ሁለቱ ቅጂዎች ተስተካከሉ፣ አንዱ ተረሳ። ያው አባል በድረ ገጹ የተከለከለውን ብድር በዩኤስኤስዲ ወሰደ። ኦዲተር ሲመጣ ምን ልንል ነው?

ይህ ደግሞ ለእኛ አገር ዳር ያለ ጉዳይ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመተግበሪያም በ*127#ም ነበር የመጣው። ደንበኞቻችን የሚገቡበት በር ብዙ ነው፤ ደንቡ ግን አንድ መሆን አለበት።

«ዩኤስኤስዲውም ቦቱም እኮ ሰርቨራችን ጋ የሚደርሱት በኤችቲቲፒ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመሃል ያለው ጌትዌይ ወደ ኤችቲቲፒ ለውጦ ነው የሚያቀብለን። ችግሩ የሚብሰውም እዚሁ ላይ ነው፤ ፕሮቶኮሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ለየቅል ነው። ለብራውዘር 403 ማለት ተከልክለሃል ማለት ነው። ቴሌግራም ግን ከ200ዎቹ ውጭ የሆነ ኮድ ሲመለስለት መልእክቱን እንዳልተቀበልነው ቆጥሮ ያንኑ ደግሞ ይልካል። ደንባችን ራሱ 403 የሚወረውር ከሆነ፣ ቁጠባው ያልሞላ አባል አንዴ የጠየቀው ጥያቄ እየተመላለሰ ይደበድበናል ማለት ነው። በዩኤስኤስዲ በኩል ደግሞ ኩኪ የለም፤ ሰውየውን የምናውቀው በስልክ ቁጥሩና ጌትዌዩ በሚልከው የሴሽን መለያ ነው። አንድ መልእክት ቢበዛ 182 የላቲን ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ከሆነ 80 ላይ ያበቃል። ደንቡ በኤችቲኤምኤል የተሸለመ የይቅርታ አንቀጽ ቢመልስ የት እናስገባዋለን? ደንቡ መመለስ ያለበት «ቁጠባ አልሞላም፣ ሁለት ወር ይቀራል» የሚል ፍሬ ነገር ነው። እሱን ወደ 403፣ ወደ 200 ወይም ወደ አጭር ጽሑፍ መመንዘር የበሩ ሥራ ነው።

ጥፋቱን ለሰነፍ ፕሮግራመር የሚያሸክም ተሳስቷል። ትሪግቭ ሬንስካውግ በዜሮክስ ፓርክ ሞዴልን፣ ቪውንና ኮንትሮለርን ሲለያይ እ.ኤ.አ. 1979 ነበር፤ ድር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ኮንትሮለርን ከኤችቲቲፒ ጋር ያጋቡብን በኋላ የመጡት የድር ፍሬምወርኮች ናቸው፣ የጀማሪ ትምህርታቸውም ሪክዌስት ተቀብሎ ቀጥታ ዳታቤዝ ላይ መጻፍን ያለማምዳል። አሊስተር ኮክበርን እ.ኤ.አ. በ2005 ደንብን ከበር ስለሚለየው የፖርትና አዳፕተር ንድፍ ከጻፈ ወዲህ መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ችላ ማለት ዋጋ አስከፍሏል። ስፕሪንግ ቡት 3 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲወጣ ሪክዌስት የሚቀበልባቸው የሰርቭሌት ፓኬጆች ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተቀየረ። ሰርቭሌትን ዳር ላይ ብቻ የያዘ ቡድን ዳሩን ነካክቶ አለፈ፤ በየስሌቱ ውስጥ የበተነው ግን አንድም ደንብ ሳይለወጥ ፋይሎቹን ሁሉ መክፈትና መፈተሽ ግድ ሆነበት።

እንግዲህ እንነሣ! ሁሉን አፍርሰን እንደ አዲስ እንሥራ የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ እንዲያ ያለው ዘመቻ በጀት በልቶ መሃል ላይ ይቀራል። በዚህ ሳምንት አንድ ደንብ ምረጡ፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን። የአባል መለያና የብር መጠን ብቻ የሚቀበል፣ «ተፈቀደ» ወይም «አልተፈቀደም፣ ምክንያቱም» ብሎ የሚመልስ ፈንክሽን አድርጉት። ኮንትሮለሩ ከሪክዌስቱ ዋጋውን ያውጣ፣ ፈንክሽኑን ይጥራ፣ መልሱን ይተርጉም፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። ቴስቱ ሰርቨር ሳያስነሣ ሲያልፍ ልዩነቱ ይገባችኋል። በነገራችን ላይ ካሽን፣ ፋይል ማውረድን፣ የሄደር ጣጣን አትንኩ፤ እነሱ የኤችቲቲፒ የራሱ ሥራ ናቸው፣ ሽፋን በሽፋን መደረብ ሌላ በሽታ ነው።

የቡድን መሪዎች፣ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ሰው ሲቸኩል ይረሳል። የደንብ ፎልደር ውስጥ የድር ፓኬጅ ከገባ ቢልዱ ይውደቅ። ለጃቫ አርክዩኒት፣ ለፒኤችፒ ዴፕትራክ ይህን ይሠራሉ። ሲስተም የምታሠሩ ድርጅቶች፣ በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ «ያው ደንብ በድረ ገጽም በዩኤስኤስዲም ከአንድ ቦታ ይጠራ» የሚል መስመር ጨምሩ። በየዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩም የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትገመግሙ «ብራውዘሩን ዝጋውና ደንቡን ከተርሚናል አስኪድልኝ» በሉ። ያልቻለ ቡድን ከመመረቁ በፊት ጠግኖ ይመለስ።