60 ኸርዝ የለመደ ሞተር

ከጅዳው ፔትሮሚን ሰፈር ያገለገለ የውኃ ፓምፕ ገዝቶ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ የፈረስ ጉልበቱን። ታርጋው ላይ የተጻፈውን 60 ኸርዝ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ግን 50 ነው። ስለ ሞተር ኃይል ቁጠባ ስናወራ የምንስተውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ኃይል የሚባክነው ሞተሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሞተሩ፣ መስመሩና ሥራው ሳይገጣጠሙ ቀርተው ነው።

የኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነት መስመሩን ይከተላል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የሚፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ስለሚሄድ፣ ከ60 ወደ 50 ኸርዝ ሲወርድ ወደ 58 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ቁጠባ እንዳይመስላችሁ፤ ውኃውን የሚገፋበት ከፍታም ወደ 69 በመቶ ስለሚያንስ ከታንከሩ ላይደርስ ይችላል። ለ380 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 380 ቮልት ሲሠራ ደግሞ በብረቱ ውስጥ ያለው የማግኔት ፍሰት በ20 በመቶ ሊጨምር ይፈልጋል፤ ብረቱ ከአቅሙ ያልፋል፣ ሥራ ሳይጨምር አምፔሩ ያድጋል፣ ሞተሩ ይግላል።

መድኃኒቱ ኢንቨርተር ነው። 50 ኸርዝ ተቀብሎ የተፈለገውን ያወጣል፤ ቮልቴጁንም ከፍሪኩዌንሲው ጋር ያመጣጥናል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ብዙ ፓምፕ ሙሉ ፍጥነት እየዞረ ውኃው በባልቦላ ይታነቃል፤ ፍሬን ረግጦ ነዳጅ እንደ መስጠት ነው። ፓምፑ የሚታገለው የቧንቧ ሰበቃን ብቻ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ማውረድ የፓምፑን ኃይል ወደ 51 በመቶ ያወርደዋል። ከጥልቅ ጉድጓድ ለሚስብ ግን ይህን ያህል አያተርፍም፤ ከፍታው በፍጥነት አይደራደርምና።

ፍጥነትን መቆጣጠር ለሚያዋጣበት ሥራ መካ ጥሩ ማሳያ ናት። የመስጂደል ሐራም ማቀዝቀዣ ጣቢያዎች አቅም፣ የአጅያዱ 35,300፣ የሻሚያው 120,000 የማቀዝቀዣ ቶን እንደሆነ ይነገራል። የሰዉ ብዛትና ሙቀቱ በየሰዓቱ በሚለዋወጥበት እንዲህ ባለ ቦታ ፍጥነትን መቆጣጠር ዋጋውን ይመልሳል። ወፍጮ ቤት ግን ሲፈጭ ጭነቱ ያው ነው፤ ኢንቨርተር ከለስላሳ አነሳስ በቀር ብዙ አይጨምርለትም። ሻጩ ሌላ ቢል አትመኑት። ለወፍጮ የሚያዋጣው በልኩ የተመረጠ ብቁ ሞተር ነው። 7.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር በዓመት 3,000 ሰዓት ቢሠራ፣ ብቃቱ 90 በመቶ ሲሆን 25,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 85 በመቶ ሲሆን ወደ 26,470።

የተቃጠለ ሞተርስ? ሽቦውን እንደገና ስለ መጠቅለል ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ፍርሃቱ የተጋነነ ይመስለኛል። የአሜሪካና የብሪታኒያ የሞተር ጠጋኞች ማኅበራት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሥርዓት የተጠቀለለ ሞተር ብቃቱን እንደማያጣ አሳይተዋል። የሚጎዳው አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ብረቱን ያለ ልክ በእሳት ማቃጠል ነው፤ በብረቱ ስስ ንጣፎች መካከል ያለው መከላከያ ካለቀ ብክነቱ እስከ መጨረሻው አብሮ ይኖራል።

ሳዑዲ ውስጥ ለኢንዱስትሪ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 18 ሃላላ ሆኖ በቆየበት ዘመን ባለቤቱ ይህን ሁሉ ባይቆጥር አይገርምም። እኛ ጋ ግን ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ከጅዳ የምትልኩ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የታርጋውን ፎቶ አገር ቤት ላለው ኤሌክትሪሺያን ላኩለት፤ ኸርዙን፣ ቮልቱንና የሚሠራውን ሥራ አይቶ ይንገራችሁ።