«ኮድ የለውም» ሲባል

ያገለገለ መኪና ልንገዛ ስንሄድ መካኒክ ማስከተል የቆየ ልማዳችን ነው። አሁን አሁን መካኒኩ ከኪሱ ትንሽ መሣሪያ ያወጣና ከመሪው ሥር ሰክቶ ስልኩን ይመለከታል። «ኮድ የለውም» ካለ ደላላው ፊቱ ይበራል፤ ወሬው ወዲያው ወደ ቀብድ ይዞራል። እኔን ግን የሚያጠራጥረኝ ይኸው ባዶ ስክሪን ነው።

የስህተት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ኮዱን መሰረዝም ይችላል። ሻጩ ጠዋት ያሰርዘዋል፤ ከሰዓት ገዢው ሲደርስ የቼክ ኢንጅን መብራት ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ብልሽቱ ግን የትም አልሄደም፤ ስም ከተዛወረ በኋላ መብራቱ ይመለሳል።

ደግነቱ መኪናው ራሱ ይመሰክራል። ኮምፒውተሩ በጉዞ ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ካታሊስቱንና ሌሎችንም ክፍሎች በየተራ ይፈትሻል። ኮድ ሲሰረዝ የእነዚህ ፍተሻዎች ውጤትም አብሮ ስለሚሰረዝ፣ መሣሪያው «ያልተጠናቀቀ» ብሎ ያሳያል። እንደገና የሚሟሉት መኪናው ለቀናት በከተማም ከከተማ ውጭም ሲነዳ ነው። ብዙ መኪኖች ኮዱ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዱም ይመዘግባሉ። ስለዚህ መካኒክዎን «ኮድ አለው?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ነው የተሰረዘው?» ብለው ይጠይቁት። ሻጩ «ባትሪ ቀይሬ ነው» ሊል ይችላል፤ የባትሪ ገመድ ሲነቀል በብዙ መኪኖች ላይ ይኸው ስለሚሆን ውሸት ነው አይባልም። እንግዲያው «ጥቂት ቀን ይንዱትና ደግመን እንየው» ማለት ነው።

መሣሪያው ከመሰካቱ በፊትም ዓይንና እጅ ሥራ አላቸው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲዞር የቼክ ኢንጅን መብራት ሊበራ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ሆን ተብሎ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። ኮፈኑን በእጅ ይዳስሱ፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር በብርድ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያወጣውን ጭስ ይደብቃል።

ኮድ ከተገኘም ፍርድ አይደለም። ፒ0300 የሚለው ኮድ ሲሊንደሮች በትክክል እየተኮሱ አለመሆናቸውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ካንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ኮይል ሊሆን ይችላል፣ ከባሰም ኮምፕሬሽን ያጣ ሞተር ሊሆን ይችላል። በካንዴላና በሞተር እድሳት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት መለዋወጫ ሊገዛ ሶማሌ ተራ የሄደ ያውቀዋል። ምክንያቱ ሳይጣራ በዋጋ መከራከር ለሁለቱም ወገን ግምት ነው።

መሣሪያው የማያየውም ብዙ ነው። የተጋጨና የተቀጠቀጠ ቦዲ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የዘይት ፍሳሽ ኮድ አያወጡም። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መሣሪያው የሚሰካበት መሰኪያ ግዴታ ሆኗል፤ ለጃፓን ገበያ በተሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ግን ርካሹ መሣሪያ ምንም ላያነብ ይችላል፤ የድሮዋ ቶዮታ ዲኤክስማ መሰኪያውም የላት። ኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ዋናው ጥያቄ የባትሪው ጤና ነው፤ ቻርጁ 100 በመቶ መሙላቱ ስለ ጤናው አይናገርም፤ ለዚያ ሞዴሉን የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው እዚሁ ያሉት፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ናቸው። በእያንዳንዱ ዝውውር አንድ የሚደበቅ ነገር ሊጨመር ይችላል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» እያለ ያጣድፋል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ሻጩ መሣሪያ እንዳይሰካ ከከለከለ ወይም ለሁለተኛ ምርመራ ቀን ከነፈገ፣ ቀብድ አይክፈሉ፤ ሌላ መኪና ይፈልጉ።