የታሰረ ጆንያና የተሰጣ ቡና

የስልክ ጨዋታ ለመሥራት የሚጣጣሩ የጅማ ወጣቶች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሥዕሎቻችንን በጄፔግ አሳንሰን ሳለ ጨዋታው በስልኩ ላይ ለምን ይዘጋል?» የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፥ መልሱን ከቡናችን ዘንድ እናገኘዋለን።

ከአጋሮ በመኪና የሚመጣ ቡና በጆንያ ታስሮ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ያው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ግን ግቢውን ሞልቶት ነበር። ጄፔግም የታሰረ ጆንያ ነው። በቁመትና በወርድ 1024 ነጥብ ያለው ሥዕል በጄፔግ 200 ኪሎባይት ቢሆን፥ ስልኩ ሊያሳየው ሲፈታው ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚያስፈልግ በሜሞሪ ላይ 4 ሜጋባይት ይይዛል። ሥዕሎቹ 100 ቢሆኑ 400 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ ይህም 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ስልክ የማይቻል ሸክም ነው።

ለዚህ የተገኘው መላ በጥቅሉ ሳይፈታ የሚነበብ እሽግ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው ኤኤስቲሲ ነው። ሥዕሉን በ4 በ4 ነጥብ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ክፍል በ16 ባይት ያሽጋል። እሽጎቹ እኩል ስለ ሆኑ የስልኩ ግራፊክስ ቺፕ የሚፈልገውን በሒሳብ አግኝቶ ያንኑ ብቻ ይፈታል። የጄፔግ ክፍሎች ግን እኩል ስላልሆኑ ሥዕሉን አስቀድሞ በሙሉ መፍታት ግድ ነው። እንግዲህ 4 ሜጋባይት ይይዝ የነበረው ሥዕል 1 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፤ ክፍሉ 8 በ8 ነጥብ ሲሆን ደግሞ 256 ኪሎባይት ይበቃዋል።

ነገር ግን ሁሉም በዋጋ ነው። 1 ሜጋባይቱ እሽግ በፋይልነቱ ከ200 ኪሎባይቱ ጄፔግ 5 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ጨዋታውን የሚያወርደው የሊሙ ገነት ተማሪም የዳታ ጥቅል ገዝቶ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። 8 በ8 ሲሆን ፋይሉ ያንሳል፤ የፊደላችን ቀጫጭን ጫፎች ግን ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ፊደልና የሰው ፊት በ4 በ4፥ ጫካና መሬት በ8 በ8 ቢታሸጉ መልካም ነው። ከሩቅ የሚታየውን ሥዕል በቁመትና በወርድ በግማሽ መቀነስም የሜሞሪውን ሸክም ወደ ሩብ ያወርዳል፤ ፋይሉንም ያቀላል።

የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ በማውጣቱ የእኛ ሰው ሙያው እንዳለው ታይቷል። የጅማ ወጣቶችም የየራሳቸውን ሲያወጡ፥ በርካሽ ስልክ የሚጫወተውን የገጠር ልጅ አስበው ጆንያውንም ማድረቂያውንም አስቀድመው ይለኩ።