ችፌ፣ ሆሚዮፓቲ እና ሰሚ ጆሮ

ለዓመታት ሲያሳክከው የኖረ ሰው ምን ይፈልጋል ትላላችሁ? መዳን ብትሉ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ከመዳን ባልተናነሰ የሚናፍቀው ሌላ ነገር አለ፤ የሚሰማው ሰው። ችፌ ያለበት ሰው ሌሊት ሲያክ ያድራል፤ ቀን እጁን በረጅም እጅጌ ይደብቃል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም ሰላም ሲል የሚሸሹትን ዓይኖች ያያል። ሐኪም ዘንድ ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ቅባት ተጽፎለት ይወጣል።

ሆሚዮፓቲ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች ነጫጭ የስኳር እንክብሎቹን በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። የሕክምናው መሥራች ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን ነው፤ ዋናውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1810 ነበር። የዚህ ሕክምና ባለሙያ በሽተኛውን በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያነጋግረዋል። ስለ ቆዳው ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ስለሚወደው ምግብ፣ ስለሚፈራው ነገር ይጠይቀዋል። ከዚያ ለእርሱ ብቻ የሚስማማውን ይመርጥለታል፤ ለአንዱ ባለ ችፌ ከድኝ የተዘጋጀውን፣ ለሌላው እርሳስ ከሚሠራበት ግራፋይት የተዘጋጀውን።

ታዲያ እንክብሉ ውስጥ ምን አለ? በዕቃው ላይ "30ሲ" ተብሎ ከተጻፈ፣ አንድ እጅ መድኃኒት በ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ተበጥብጧል ማለት ነው። ከዚያ ላይ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99 እጅ ይበጠበጣል፤ እንዲህ እየተባለ 30 ጊዜ። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመቅረቷ ዕድል የመነመነ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚረዳው አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር እንደሌለ ተናግሯል።

"እኔ ግን ተሽሎኛል" የሚል ወገን ይኖራል። አይዋሽም። ችፌ ይነሣል፣ ይተኛል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው በባሰበት ሰዓት ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ፋታ ለወሰደው ነገር ይቆጠራል። ሌላም ምክንያት አለ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽተኞቹን የረዳቸው ከባለሙያው ጋር ያደረጉት ረጅም ምክክር እንጂ መድኃኒቱ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ሰውን ማዳመጥ በእርግጥ ይጠቅማል ማለት ነው።

"እንግዲያው ስኳር ምን ይጎዳል?" ቢባልስ? ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ሲጽፍ፣ በቆዳ ላይ የወጣ እከክ በቅባት ከታፈነ በሽታው ወደ ውስጥ ይገባል ብሎ አስተማረ። ይህን ይዘው በሐኪም የታዘዘን ቅባት የሚያስተዉ ዛሬም አሉ። አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ጽኑ ችፌ የነበረባት የ9 ወር ሕፃን ሞታለች፤ በተላጠው ቆዳዋ የገባው ኢንፌክሽን ደሟን መርዞት ነበር። ወላጆቿ በሆሚዮፓቲ ሲያክሟት ቆይተው ነበርና እ.ኤ.አ. በ2009 በከባድ ቸልተኝነት ለሞት በማድረስ ጥፋተኛ ተብለዋል። እንክብሉ አልገደላትም፤ የተጓደለባት ሕክምና ነው።

አቋሜ ይህ ነው፤ እንክብሉን እንተው፣ ያን አንድ ሰዓት ግን ቤተ ክርስቲያን ትውሰደው። የሆሚዮፓቲ ባለሙያ በክፍያ የሚሰጠውን ጆሮ እኛ በነፃ ልንሰጥ ይገባን ነበር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ለ12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ያላትን ሁሉ ለሐኪሞች ጨርሳ ነበር። የጌታን ልብስ በነካች ጊዜ ወዲያው ተፈወሰች። ጌታ የያይሮስ ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች መንገዱን ገታ፤ ሴቲቱ የሆነችውን ሁሉ እስክትናገር ቆሞ ሰማት። ፈውሱ መስማትን አላስቀረም፤ መስማቱም የፈውስ ምትክ አልነበረም። ሁለቱም ያስፈልጓት ነበር።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሳንሰማ እንፈርዳለን። "እምነትህ አንሶ ነው"፣ "የተደበቀ ኃጢአት ይኖራል" እንላለን። የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት 7 ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ነበር፤ ያቆሰሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ቅባት መቀባትም አለማመን አይደለም። እግዚአብሔር የሕዝቅያስን ጸሎት ሰምቶ ሳለ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል (ኢሳይያስ 38፥21)።

በችፌ የምትሠቃይ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ የቆዳ ሐኪም ያዘዘልህን፣ ያዘዘልሽን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሌሎቻችን ደግሞ በዚህ ሳምንት ከእነዚህ ወገኖች አንዱን ቡና እንጥራ። "ሌሊቱ እንዴት ነበር?" ብለን እንጠይቅ፤ ከዚያም እስኪጨርስ እንስማ።